ጀሞ ላይ ሆኖ የአዳማ መንገድ አይታይም!

ኧረ ሰዎች፣ የሰው ጽሑፍ ስትወስዱ ስም መጥቀስ ምን ይከብዳል?

በቀደም ስለ ሰፈራችን ውሃ ለጥፌ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ጎረቤት ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ በቢጃማ ደረጃ ላይ ይገናኛል። የሰርግ ወሬ፣ የቤት ኪራይ ወሬ፣ ሐሜቱ ሁሉ እዚያ ነው። ያንን ጨዋታ ልቅም አድርጌ ጻፍኩት። ያውም መብራት ጠፍቶ፣ በሚሞት ባትሪ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «ይሄን አንብቢ፣ በሳቅ ትሞቻለሽ» ብላ ላከችልኝ። የራሴው ጽሑፍ! ስሜ የለም። ከሥሩ «ከፌስቡክ መንደር» ይላል። እኔ እኮ እናትና አባት ያወጡልኝ ስም አለኝ።

ጭራሽ «ቱሉ ዲምቱ»ን አውጥተው በአዲስ አበባ ሌላ ጫፍ ያለውን «ጀሞ» አድርገውታል። ዝቅ ስትሉ ግን «በመስኮቴ የአዳማው ፈጣን መንገድ የመኪና መብራት ይታየኛል» ያልኩት እንዳለ ቁጭ ብሏል። ወገን፣ ከጀሞ ያንን መንገድ የሚያሳየው ምን ዓይነት መስኮት ነው? ስትሰርቁ እንኳ አንብባችሁ ስረቁ!

ይሄ ሳያንስ ቲክቶክ ላይ የማሽን ድምፅ ሲያነበው አገኘሁት። ከኋላው ዋሽንት ይነፋል። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ቀልዱ እዚያው ሞተ። ኮሜንት ላይ ገብቼ «የኔ ነው» ብል አንዱ «እህቴ፣ ለላይክ ብለሽ አትዋሺ» አለኝ። እሱ ለዚህች ያገኘው ላይክ እኔ ለጽሑፉ ካገኘሁት ይበልጣል።

ሕግማ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው ስም እንዲጠቀስ መብት ይሰጣል። የገንዘብ ጥቅሙ ደግሞ ደራሲው ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። እኔ በቁሜ 50 ሰዓት አልተጠበቀልኝም። ደግሞስ ማንን ልክሰስ? የቻናሉ ባለቤት ፎቶ አንበሳ ነው።

«ፎቶ ላይ ስምሽን ጽፈሽ ልጠፊ» ይሉኛል። ሞከርኩት። ስሜን ቆርጠው ለጠፉት።

«ጥሩ ስለሆነ ነው የተሰረቀው፣ ደስ ይበልሽ» የምትሉኝስ? ጫማችሁ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲጠፋ «ተመስገን፣ ጫማዬ ያምራል ማለት ነው» ብላችሁ በባዶ እግራችሁ ትሄዳላችሁ?