ባራታናቲያምን ማን አቆየው?

የህንድ ጭፈራ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልም ነው። እነ ቫይጃያንቲማላን፣ እነ ሄማ ማሊኒን ያየ ሰው ግን ሳያውቀው ሌላ ነገርም አይቷል። ሁለቱም የተማሩት ባራታናቲያምን ነው።

ባራታናቲያም ከደቡብ ህንድ፣ ከታሚሎች አገር የመጣ ውዝዋዜ ነው። ታሪኩ ሲነገር ሁሌ የምትደጋገም አንዲት አባባል አለች። “ሊጠፋ ሲል አዳኑት” ይባላል። ይቺ አባባል ታናድደኛለች። ውዝዋዜው እኮ ሜዳ ላይ ወድቆ አልተገኘም። በሰዎች እጅ ነበር። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ስም ነበራቸው።

ስማቸው ድንጋይ ላይ ሳይቀር ተቀርጿል። ታንጃቩር ከተማ ውስጥ ቾላ የሚባለው የደቡብ ህንድ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ራጃራጃ እ.ኤ.አ. በ1010 ገደማ ያሠራው፣ ሺቫ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የቆመ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ግድግዳው ላይ ለአገልግሎት የመጡ 400 ሴቶች ተመዝግበዋል። በጅምላ አይደለም። የእያንዳንዷ ስም አለ። ከየትኛው ቤተ መቅደስ እንደመጣች፣ የተሰጣት ቤት በየትኛው መንገድ እንደሆነና ስንተኛው እንደሆነ ተጽፏል። በዓመት የሚሰፈርላት ሩዝም አልቀረም። ከሺህ ዓመት በፊት እንዲህ ተጠንቅቀው ጻፏቸው።

እነዚህ ሴቶች በኋላ ደቫዳሲ ተባሉ፤ የአምላክ አገልጋይ ማለት ነው። ለቤተ መቅደሱ አምላክ ስለተዳሩ መበለት አይሆኑም ተብሎ ይታመን ነበር። ውዝዋዜውም ያኔ ሳዲር ነበር የሚባለው። ከእናት ወደ ልጅ፣ ናቱቫናር ከሚባሉት መምህራን ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖረ። ዛሬ መድረክ ላይ የምናየውን ቅደም ተከተል ያበጁት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታንጃቩር ቤተ መንግሥት ያገለገሉ 4 ወንድማማቾች ናቸው። ቺናያ፣ ፖናያ፣ ሲቫናንዳምና ቫዲቬሉ ይባላሉ። አላሪፑ በሚባለው አጭር ክፍል ይከፈታል፤ መሐል ላይ ቫርናም የሚባለው ረጅሙና ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ በቲላና ይዘጋል።

አንድ ትምህርት ላይ ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። መምህሩ መሬት ላይ ተቀምጦ በአጭር ዱላ የእንጨት ጉማጅ ይመታል። “ታይ ያ ታይ” ይላል። ተማሪዋ ተረከዟን ገጥማ፣ ጉልበቷን ወደ ጎን ከፍታ፣ በግማሽ ቁጭ ትላለች። ጀርባዋ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። እንደዚያ ሆና በሙሉ ውስጥ እግሯ መሬቱን ትመታለች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቀጥሎ በእጥፍ፣ ከዚያ በእጥፉ እጥፍ። ጭኗ እየተንቀጠቀጠ ቀና ማለት የለም። ይህ ገና ሀሁ ነው። የእጅ ምልክቱ፣ የዓይኑ፣ የፊቱ ንግግር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ታዲያ ምን ሆነ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቫዳሲዎችን የሚቃወም ዘመቻ ተነሳ። ዘመቻው ምክንያት ነበረው። ገና ልጅ ሳሉ፣ ሳይጠየቁ ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ነበሩ። የባለጸጋ መጠቀሚያ የሆኑም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 የማድራስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የገቡት ሐኪም ሙቱላክሽሚ ሬዲ ለዚህ የታገሉት ነገሩን ከቤታቸው ስለሚያውቁት ነው። እናታቸው ከዚያው ወገን ነበሩ። ልጆችን ለማዳን መታገላቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በ1947 የወጣው ሕግ ግን ልጆችን መስጠት ብቻ አልከለከለም። ሴት በቤተ መቅደስ ግቢ እንዳትጨፍርም ከለከለ። ደቫዳሲዎቹ ቀድሞውኑ ተደራጅተው ተቃውሟቸውን ለመንግሥት አቅርበው ነበር። አልተሰሙም።

በዚያው በዘመቻው ሰሞን ውዝዋዜው ሌላ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሳዲር የሚለው ስም ቀረና ባራታናቲያም ተባለ። ብራህሚን ከሚባለው ከፍተኛ የሂንዱ መደብ የተወለዱት ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል በ1935 ሕዝብ ፊት ጨፈሩ። በማግስቱ ዓመት ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ አልክድም። ልብሱን አስዋቡት። ከጨፋሪዋ ኋላ ይቆሙ የነበሩትን ሙዚቀኞች ወደ ጎን አስቀመጡ። በስሱ የሚነገረውን የፍቅር ስሜት፣ ሽሪንጋራ የሚሉትን፣ ቀነሱ። መንፈሳዊ ይሁን አሉ። ይህን አልቀበልም። በዚያ ግጥም ውስጥ አምላኳን የምትናፍቀው ሴት እንደ ሴት ነው የምትናፍቀው። ናፍቆቱን ብታጥቡት የሚቀረው የአካል እንቅስቃሴ ነው።

ዛሬ ስልቶቹ ብዙ ናቸው። ፓንዳናሉር ጥልቅና ቁጥብ ነው። ቫዙቩር ለስለስ ይላል፤ ዓይን የሚይዝ አቋቋም ይወዳል። ካላክሼትራ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከመምህራኑ መንደር ነው። የመንደሩ ስም ቀረ፤ እዚያ የጨፈሩት ሴቶች ስም ግን የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ማይላፖር ጎውሪ አማልን ማን ያነሳቸዋል? ማድራስ ከተማ ውስጥ ባለው የማይላፖር ሰፈር፣ በካፓሊሽዋራር ቤተ መቅደስ የመጨረሻዋ ደቫዳሲ ነበሩ። ሩክሚኒ ዴቪን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የሩክሚኒን መንገድ አጥብቀው የተቃወሙትን ታዋቂዋን ጨፋሪ ባላሳራስዋቲንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ካላክሼትራን የሚያሞግስ አስተዋዋቂ መድረክ ላይ ስማቸውን አስቀድሞ ቢጠራ ምን ይጎድልበታል? ከደቫዳሲ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆችስ ዛሬ ለምን ከመድረኩ ይርቃሉ?

ባላሳራስዋቲ ከደቫዳሲ ቤተሰብ ነው የተወለዱት። በ7 ዓመታቸው ካንቺፑራም ውስጥ ጨፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ህንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ ስለ እሳቸው ዶክመንተሪ ሲሠራ 60 ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ባሕር ዳር ቆመዋል። ነፋሱ ሳሪያቸውን ይጎትተዋል። መዝሙሩ ሕፃኑን አምላክ ክሪሽናን ቶሎ ና ይላል። በአፉ ውስጥ ዓለምን ለእናቱ ያሳየውን ልጅ ነው የሚጠራው። እሳቸው ብዙ አይንቀሳቀሱም። እጃቸው ይጠራል፤ ዓይናቸው ያባብላል። ልጁ እዚያ አሸዋው ላይ ያለ ይመስላችኋል። ጥብቅ አድርገው ያስተማሯቸው ካንዳፓ ፒላይ ናቸው። ሲጨፍሩ ይዘፍኑላቸው የነበሩት እናታቸው ጃያማል ናቸው። አያታቸው ደግሞ ቪና በሚባለው ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ የታወቁት ቪና ዳናማል።