የካምብሪጅ ቡና ፈልቷል ወይ?

በዓለም የመጀመሪያው የኢንተርኔት ካሜራ የተተከለው ሌባ ለመጠበቅ አይደለም፤ ቡና ለመጠበቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙባት አንዲት የቡና ማፍያ ነበረቻቸው። ከሌላ ፎቅ ደረጃውን እያለከለከ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ባዶ ማንቆርቆሪያ ነበር። እኛ ብንሆን አንዲት ልጅ በበሩ ብቅ ብላ «ኑ ቡና ጠጡ!» ትልና ነገሩ ያልቃል። እነርሱ ግን ሊቃውንት ናቸውና በ1991 እ.ኤ.አ. ካሜራ ደቀኑባት፤ ምስሏን ከየወንበራቸው በኮምፒውተር እንዲያዩም ፕሮግራም ጻፉላት። ጎረቤት ከመጥራት ፕሮግራም መጻፍ የሚቀልለው ሰው አለ። አሁንማ እኛም ዘንድ ተበራክቷል።

ምስሏ ቀለም አልነበረውም፤ ወርዱም ቁመቱም 128 ፒክስል፣ የሚታደሰውም በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ያ ጥቁር ነገር ቡና ይሁን ጥላ ለመለየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ማንበብ ያስፈልጋል። በኅዳር 1993 ምስሏ ወደ ድረ ገጽ ስትወጣ ደግሞ ዓለም በሙሉ አብሮ ማንበብ ጀመረ። ከጃፓን ሳይቀር «ሌሊትም እንድናያት መብራት ተዉላት» የሚል ልመና መጣ። ቡናውን የማይቀምስ ሰው ለማንቆርቆሪያው አደረ!

ያን ጊዜ ጉግል የለም። ያሁም በ1994 ሲጀመር ሁለት ተማሪዎች የወደዱትን ገጽ በእጃቸው የመዘገቡበት ዝርዝር ነበር። ሰው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲንጠላጠል ዓይኑ አዋጅ ይሆንበትና ከዚያ ሁሉ ጉድ መርጦ የሰው ቡና ላይ ያፈጣል። ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. እኛ አገር ከገባ በኋላም በስልክ መስመር፣ በደቂቃ እየከፈለ፣ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ስንዝር በስንዝር እስኪወርድ አገጩን ይዞ የሚጠብቅ ሞልቶ ነበር። በዚያ ገንዘብ ጎረቤት ካለው ቡና ቤት ስንት ስኒ ይጠጣበት እንደነበር ባለቤቱ ያውቃል።

ፎቶግራፍ ማንበብን ግን ከሰፈራችን እናቶች ወዲያ ላሳር። ከውጭ አገር የተላከ ፎቶ ሲደርሳቸው ልጁን ቀድመው አያዩም፤ ከጀርባው ይጀምራሉ። «መኪናው የእሱ ከሆነ ገብቶ አይቀመጥም? ለምን ተደግፎት ይቆማል?» «ይህ ጃኬት ባለፈው ፎቶ ላይ ጓደኛው የለበሰው አይደለም እንዴ?» ቀጥሎ የፍሪጁ በር ይመረመራል፣ የመጋረጃው ጫፍ ይመረመራል። ልጁ መክሳቱ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው።

አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ያችን የካምብሪጅ ምስል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አጠገቧ ድረስ ተጠጉ። «ረከቦት የለ፣ ቄጠማ የለ፣ ዕጣን የለ። ሐዘን ቤት ነው?» የተማሩ ሰዎች ቢሮ መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ የመጨረሻዋን ቀድቶ፣ ሌላ ሳያፈላ የሄደው የቱ ነው?» ካሜራው የተደቀነው ማንቆርቆሪያው ላይ ነዋ፤ ምን ብዬ ልመልስ?

ካሜራው ነሐሴ 2001 ላይ ተዘጋ። ማፍያዋም በኢንተርኔት ጨረታ ወጥታ፣ የጀርመኑ መጽሔት የዴር ሽፒገል ድረ ገጽ በ3,350 ፓውንድ ገዛት። ይህንንም ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ከነስኒዋ ነው?» አሉኝ።