ጣናን ለማየት ለስላሳ መግዛት የለብንም

ሰሞኑን ስለ ባሕር ዳር መናፈሻዎች በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ያሉት ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። በሐይቁ ዳር ያሉ መናፈሻዎች መግቢያ ያስከፍሉ ብለው ሲሟገቱ፣ ሕዝባችን የከፈለበትን እንጂ በነጻ ያገኘውን አያከብርም፤ ቦታው ነጻ ከሆነ ይቆሽሻል አሉ። ክፍያውም «ትንሽ» እንደሚሆን አከሉበት። የሚቃወም ሰው እጠብቅ ነበር። አንገታቸውን በመስማማት የነቀነቁት በዙ።

«ትንሽ» የተባለው ለማን ነው? ደመወዝ ለሚቆረጥለት ሰው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በቀን ሥራ ድንጋይ ሲያወርድ የዋለ ሰው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ልቀመጥ ቢል ያ ትንሽ ገንዘብ በአምስት ይባዛል። በአምስት የተባዛው ደግሞ የእራት ዘይትና ሽንኩርት ነው። ይህ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አይከራከርም፤ ቀድሞውኑ አይመጣም። አለመምጣቱን የሚቆጥር ስለሌለም ውሳኔው ማንንም እንዳልጎዳ ሆኖ ሪፖርት ይጻፍበታል።

ቲኬት ሳይቆረጥም ቢሆን ዛሬ ያለውን እናውቀዋለን። ከቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ውሃውን ሳይለቅ ወደ ዓባይ መውጫ በእግሩ ልሂድ የሚል ሰው ብዙ ሳይርቅ አጥር ይገጥመዋል። ዞሮ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፣ እንደገና ወደ ውሃው ይወርዳል፣ እንደገና አጥር። ውሃው የሚታይባቸው ብዙዎቹ ቦታዎች ወንበር ያላቸው ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥክ አስተናጋጅ ይመጣል፣ «ምን ልታዘዝ» ይልሃል፣ ምንም ካላዘዝክ መነሣት አለብህ። በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ፣ ከከተማው መሐል ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ ሳለ የከተማው ልጅ የሚያየው በአንድ ለስላሳ ዋጋ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የመግቢያ ቲኬት ይጨመር ነው የተባለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሕዝቡ የከፈለበትን እንጂ ሌላውን አያከብርም የሚለው አባባል በጎጃም ምድር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም። ተናጋሪው ከአዳራሹ ወጥተው ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ቢገቡ ኖሮ መልሱን ያገኙት ነበር። ለመግባት ማን ከፈለ? ማንም። ዛፎቹን ማን ይቆርጣቸዋል? ማንም። ቅዳሴ የሚያስቀድሰው፣ ለቅሶ ይዞ የመጣው፣ ፀሐይ አቃጥሎት ጥላ ፈልጎ የገባው ሁሉ ይቀመጥበታል፤ ቦታው ግን ቦታ ሆኖ ይኖራል። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ የአገር በቀል ዛፍ ዘር ተርፎ የተገኘው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑን የደን ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና የግጦሽ መሬት ሆኖ በመሐሉ እንደ ደሴት የቀረው ደን የተጠበቀው በገንዘብ አይደለም።

ወደ ዘጌ ይሻገሩ። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ያ ልሳነ ምድር በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚበቅልበት፣ በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት ምድር ነው። ሕዝቡ ይህን ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር አያይዞ ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፈው ኖሯል። በትውልዶች መካከል ስንት የማገዶ ችግር፣ ስንት ረሃብ፣ ስንት የመንግሥት ለውጥ አልፏል! ደኑ ግን አለ። ለዚያ ደን ገበሬው ቲኬት ቆርጦ አያውቅም። «የኔ ነው፣ የአባቶቼም ነው፣ የልጄም ይሆናል» ብሎ ስላመነ ነው የጠበቀው።

«ያ የሃይማኖት ነው፣ እግዜርን ስለሚፈሩ ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እሺ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንውጣ። የየመንደሩ ዋርካ የማን ሃይማኖት ነው? ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ከገበያ የሚመለስ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበት ዋርካ ቅርንጫፉን ሰብሮ የሚወስድ ሰው መንደሩ ውስጥ ፊቱን ማሳየት ይቸግረዋል። የወል ግጦሹስ? መቼ እንደሚከለከል፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ከብቱን ያለጊዜው ያስገባ ሰው ምን እንደሚቀጣ የሚወስነው ነዋሪው ራሱ ነው። ምንጩስ? ምንጭ ዳር ልብስ ያጠበን ሰው የሚገሥጹት ውሃ ቀጂዎቹ እናቶች ናቸው። ይህ ሕዝብ የጋራን ነገር መጠበቅን ከማንም አልተማረም፤ ከጥንት ያውቀዋል። ከተማ ሲገባ የጠፋበት ነገር ቢኖር ጠባዩ አይደለም፤ የጋራ የሚለው ቦታ ነው። ሰው አጥር ሲያጥሩበት፣ ጥበቃ ሲያቆሙበት፣ «ሣሩን አትርገጥ» የሚል ሰሌዳ ሲተክሉበት ቦታው የሌላ መሆኑን ይረዳል። የሌላን ደግሞ ሌላው ይጠብቀው ይላል። እናንተ ነጻ ስለሆነ ቆሸሸ ትላላችሁ፤ እኔ የኛ ስላልሆነ ቆሸሸ እላለሁ።

ደግሞስ ከፍሏል እኮ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ግብሩን የገበረው፣ በየስብሰባው ለልማት አዋጣ ተብሎ ያዋጣው ይኸው ሕዝብ ነው። የራሱን ውሃ ለማየት ሁለተኛ ጊዜ ክፈል ማለት በምን ይተረጎማል?

ስለ ቆሻሻው የምር መነጋገር ከፈለግን የምር እንነጋገር። ሰው በሚበዛበት የሐይቁ ዳር ስንት የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አለ? ካለስ ስንቱ ውሃ አለው፣ ስንቱ አልተቆለፈም? የሸንኮራውን ልጣጭ፣ የበቆሎውን ቆረቆንዳ፣ የውሃውን ፕላስቲክ የሚጥሉበት ገንዳ በስንት እርምጃ ይገኛል? የተገኘውስ መቼ ነው የሚነሣው? ልጅ ይዛ የወጣች እናት ልጇ «ሽንቴ መጣ» ሲላት የት ትውሰደው? ቦታ ሳይሰጡት የተቸገረን ሰው ባለጌ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ለመጸዳጃ ቤት ግን በጀት መያዝ ያስፈልጋል፣ ጽዳት ሠራተኛ መቅጠር ያስፈልጋል፣ ለሠራተኞቹም በወቅቱ መክፈል ያስፈልጋል። ሕዝቡን መውቀስ የተመረጠው ይህን ሁሉ ስለሚያስቀር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያናድደኛል፦ ጥላ። በመጋቢትና በሚያዝያ ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደምትፋጅ የኖረባት ያውቃል። አዲስ የሚሠሩት አረንጓዴ ቦታዎች ግን ንጣፍ ድንጋይ፣ የሚያበራ መብራት፣ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ ሣርና ዳር ዳሩን የተደረደረ ዘንባባ ይበዛባቸዋል። ዘንባባ የባሕር ዳር ጌጥ ነው፣ አልጠላውም። ነገር ግን ሥሩ ለተቀመጠ ሰው ስንዝር ጥላ ነው የሚሰጠው። ዋርካ፣ ሾላ፣ ዋንዛ የሚበቅሉበት አገር ላይ ተቀምጠን ለፎቶ የሚያምር እንጂ ሰው የማያስጠልል ዛፍ ስንተክል ሥራውን የምንሠራው ለማን ነው? ሽማግሌ በቀትር የሚያርፍበት ካልሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ የሚያነብበት ካልሆነ መናፈሻ ሳይሆን የመኪና መስኮት ማስጌጫ ነው። የሐይቁን ዳር በድንጋይ መገደቡም እንዲሁ ነው። ውሃው ዳር የሚበቅለው ደንገል ከላይ የሚመጣውን ደለልና ቆሻሻ የሚያጣራው፣ ዓሣው የሚራባበት፣ ወይጦዎች ታንኳቸውን የሚሠሩበት ነው። ጣና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ አጨብጭበናል። ያጨበጨብንለትን ዳር ዛሬ ነቅለን ንጣፍ እናለብሰዋለን።

ይህች ከተማ እንዲህ እንድትሆን አልነበረም የታሰበችው። ጀርመናውያን ባለሙያዎች በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ፕላኗን ሲነድፉ ሰፋፊና ዛፍ የተሰለፈባቸው ጎዳናዎች ሰጥተዋታል፤ እስከ ዛሬ የምንኮራው በእነዚያ ነው። አሁን ያለው የአገሪቱ የከተማ ፕላን መርሕም ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ያ ለአረንጓዴ የተባለው 30 በመቶ በቲኬት የሚገባበት አጥር ግቢ ይሁን የሚል ቃል የለበትም።

ጊዜውንም አስቡት። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በዚህ ክልል ያሳለፍነውን ማንም አይነግረንም። በጊዜ ቤት መግባት፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ ማጣት፣ በተኩስ ድምፅ መንቃት፣ የዘመድን ደህንነት ሳያውቁ ማደር። እንዲህ የከረመ ሕዝብ የሚያስፈልገው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር ዝም ብሎ የሚቀመጥበት፣ ልጁ የሚሮጥበት፣ የማያውቀውን ሰው «እንደምን ዋሉ» የሚልበት ቦታም ነው። በዚህ ሰዓት ለዚህ ሕዝብ በር ላይ ቲኬት ቆራጭ ማቆም ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ገንዘብ ያስፈልጋል የሚለውን አልክድም። ዛፍ ያለ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት ያለ ጠራጊ አይሆንም። ግን ገንዘቡ ከሐይቁ ከሚያተርፈው ይምጣ። ውሃው ዳር ወንበር ዘርግቶ ዓሣና ቢራ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው ዓሣውን ብቻ አይደለም፤ ጣናን ጭምር ነው። የሕዝብ ሀብት ይዞ ለሚያተርፍ ሰው ለመናፈሻ ጥገና የሚውል ክፍያ ቢጠየቅ ፍትሕ ነው።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ሊያደርገው የሚችለውና ለማንም የማይከብድ ነገር አለ። የሐይቁ ዳር የሊዝና የኪራይ ውሎች ሲታደሱ አንድ አንቀጽ ይግባባቸው፦ ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት፣ የአካል ጉዳተኛ ወንበር የሚያልፍበት መንገድ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አጥሩም ከዚያ ወደ ውስጥ ይመለስ። አዲስ ቦታ ለባለሀብት ሲሰጥም ይኸው አንቀጽ ጨረታው ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። የመግቢያ ክፍያውን ሐሳብ ያነሡት ሰውዬ ይህን ሐሳብም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ያንሡልን፤ የሚቃወም ካለም በስሙ ተነሥቶ ይቃወም።