የተማሪ መታወቂያ አይቶ የሚጨምር «ቅናሽ»

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በሚጠሩበት ሰሞን ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር በየኮምፒውተር መሸጫው መስታወት ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ታያላችሁ፤ «ለተማሪዎች ልዩ ቅናሽ!» የሚል። ከስንት ብር ላይ እንደሚቀነስ አይጻፍም። በመቶ ስንት እንደሆነ አይጻፍም። የላፕቶፑ ዋጋ ራሱ የትም አልተለጠፈም። ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ ቅናሹ በምን ይታወቃል? ይህን የጠየቀ ሰው መልስ አያገኝም፤ ሻጩ መልሶ «ስንት ይዛችኋል?» ይለዋል።

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ምህንድስና ትማራለች። አባታችን ተሁለደሬ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ «ልጄ ከጓደኞቿ አታንስም» ብለው ለበዓል ገበያ ያደለቡትን በሬ ሸጠው ብሩን እጄ ላይ ቆጠሩልኝ። እኔም እሷን ይዤ ደሴ ወጣሁ። አንዱ መደብር ገና መታወቂያዋን ስታወጣ ሻጩ ፈገግ ብሎ «አብሽሪ እህቴ፣ ለተማሪማ እናስተካክላለን» አላት። ያገለገለ ላፕቶፕ ነው ያሳየን። «ዋጋው 48 ሺህ ነው፤ ለአንቺ በ45 ሺህ» አለ። እህቴ ደስ አላት፤ 3 ሺህ ብር ለእሷ ብዙ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ቆም በይ አልኳት። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚያው መደብር ገብቶ፣ ተማሪም ነኝ ሳይል፣ መታወቂያም ሳያሳይ፣ ያንኑ ላፕቶፕ ሲጠይቅ የተነገረው የመጀመሪያ ዋጋ 44 ሺህ ነበር። ሳይከራከር! ተማሪ ያልሆነ ሰው ከተማሪዋ በ1 ሺህ ብር ረክሶ ተጠራለት ማለት ነው። የተማሪ መታወቂያ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያገለግለው «ይህች ልጅ ዋጋ አታውቅም፣ ትቸኩላለች፣ ትምህርት ሊጀመርባት ነው» ብሎ ለማወቅ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ደረሰኝ ስንጠይቅ የሻጩ ፊት ተለወጠ። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመርበታል፤ ያልኳችሁ ያለ ደረሰኝ ነው» አለን። እስኪ አስሉት፤ 45 ሺህ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 51,750 ብር ይሆናል። «ሙሉ ዋጋ» ብሎ ከጠራው ከ48 ሺህ ብሩ እንኳን በ3,750 ብር ይበልጣል። ታዲያ ቅናሹ የት አለ? ተጨማሪ እሴት ታክስ መክፈል የነጋዴውም የገዢውም ግዴታ ነው፤ እኔ ታክሱን አልተቃወምኩም። የተቃወምኩት ታክሱን አለመክፈልን «የተማሪ ቅናሽ» ብሎ መስታወት ላይ መለጠፍን ነው። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ደግሞ ዋስትና የለውም። በሳምንቱ ስክሪኑ ቢጠፋ፣ «ከእኛ ነው የገዛሽው?» ብትባል፣ በምን ታስረዳለች?

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያመለክት፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ አሳሳች ማስታወቂያ እንዳያስነግር ደንግጓል። አዲስ ሕግ አውጡልን ያለ የለም። ንግድ ቢሮ የሚባለው አካል ዘይትና ስኳር ሲወደድ ብቻ ነው ከቢሮው የሚወጣው? የላፕቶፕ መሸጫዎቹ ያሉት እኮ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ መስታወቱን ለማንበብ መኪና መነሣት እንኳን አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ወደሚሸጠው ዕቃ ልምጣ፤ ይበልጥ ያንገበገበኝ እሱ ነውና። «ኮር አይ 5 ነው» ይላሉ፤ የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው፤ በዚያ ያበቃል። ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ አይነግሩም። ከ10 ዓመት በፊት የተሠራውም ኮር አይ 5 ነው፤ ከ2 ዓመት በፊት የተሠራውም ኮር አይ 5 ነው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ፣ የደህንነት ማሻሻያውን ጭምር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። በውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ምክንያት የሚያስወግዷቸው 6ኛና 7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች እየተወለወሉ እኛ ዘንድ «ለተማሪ የሚሆን» ተብለው ይቀርባሉ። ለእህቴ የቀረበላት 6ኛ ትውልድ ነበር፤ ያውም ራሙ (ፕሮግራም ሲከፈት የሚሠራበት ማህደረ ትውስታ) 4 ጊጋባይት ብቻ የሆነ፣ ያውም ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ የሌለው፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ የሚንፏቀቅ። ሻጩ ግን ስለ ቀለሙና ስለ ቅጥነቱ ነው ሲያወራላት የነበረው። በዚህ ማሽን አውቶካድን፣ የምህንድስና ንድፍ መሥሪያውን ፕሮግራም፣ ከፍታ ልትሠራ ነው? ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከወረኢሉ፣ ከመካነ ሰላም መጥታ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የምትገዛ ልጅ እስከ 9ኛው ትውልድ ድረስ ከ«አይ 5» ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው አሃዝ ትውልዱን እንደሚያመለክት፣ በ6 የሚጀምረው 6ኛ፣ በ8 የሚጀምረው 8ኛ እንደሆነ፣ ማን ይንገራት? ሊነግራት የሚገባው ሻጩ ነበር።

«ላፕቶፕ ቅንጦት ነው፤ እኛ በደብተር ተምረናል» የምትሉኝ ታላላቆቼ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አክብሬ እመልሳለሁ። ከ2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ አያገኝም፤ ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ጀምሮ በከፊል ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። መንግሥት «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ብሎ በበይነ መረብ የሚሰጥ ነፃ ሥልጠና ከጀመረ ቆይቷል። ሥልጠናው ነፃ ነው፤ መልካም። በምን ላይ ይሠልጥኑ? የእኛ አካባቢ ነገር ደግሞ ከሌላውም ይብሳል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም፣ ምን እንደደረሰባቸው ለወሎ ሰው አይነገርም፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ ኮምፒውተርና የላቦራቶሪ ዕቃ ተዘርፏል፣ ወድሟል። የኮምፒውተር ክፍሉን ተራ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ተማሪዎቹን ጠይቁ። የራሱ ማሽን ያለው ሌሊት ይሠራል፤ የሌለው ተራውን ይጠብቃል፤ ውጤቱ ሲለጠፍ ግን ሁለቱም በአንድ መለኪያ ይለካሉ።

ነጋዴውን ሁሉ ሌባ ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አስጭኖ፣ የሱቅ ኪራይ ከፍሎ የሚሸጥ ሰው እንዲከስር አልጠይቅም። «ቅናሽ የለኝም፣ ዋጋዬ ይሄ ነው» ቢለኝ አመስግኜው እገዛለሁ ወይም እሄዳለሁ። የሌለውን አለኝ ብሎ ልጆቹን አይጥራ ነው የምለው።

እውነተኛ የተማሪ ቅናሽ ምን እንደሚመስል ደግሞ እናውቃለን። አፕል በ2017 ያወጣውን ማክቡክ ኤር አሜሪካ ውስጥ ለማንም ከ999 ዶላር፣ ለተማሪ ከ899 ዶላር ጀምሮ ነው ለሽያጭ ያቀረበው። ሁለቱም ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፎ ማንም ያየዋል። ሌኖቮም፣ ዴልም፣ ኤችፒም የየራሳቸው የተማሪ ዋጋ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ማረጋገጫ ትምህርት ቤቱ የሰጠው የኢሜይል አድራሻ ነው። እኛ ጋ ግን የአፕል የራሱ መደብር የለም፤ ተራው ተማሪ ዶላር የሚከፍልበት ካርድም የለውም። አክስታችን ሪያድ ናት፤ «በተማሪ ዋጋ ካገኘሁ እኔ ልግዛላት፣ የትምህርት ቤት ኢሜይሏን ላኩልኝ» አለችን። እህቴ ምን ትላክ? የላትም!

ንዴቴን ሁሉ ነጋዴው ላይ የማልጨርሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ለተማሪ በዩኒቨርሲቲው ስም ኢሜይል መክፈት በሬ አያሸጥም። እህቴ ቢሮ ሄዳ ስትጠይቅ «ለመምህራን ብቻ ነው» ተብላ ተመለሰች። ያ አድራሻ ቢኖራት ማይክሮሶፍት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ነፃ የዎርድና የኤክሴል አገልግሎት ልታገኝ ትችል ነበር። የአውቶካድ ባለቤት የሆነው አውቶዴስክ ፕሮግራሙን ለተማሪ በየዓመቱ እያደሰ በነፃ ይሰጣል፤ በዚያ አድራሻ ተማሪነቷን ማረጋገጥም ይቀላት ነበር። አሁን ልጆቹ ፈቃድ የሌለው፣ ቁልፉ የተሰበረ አውቶካድ ከጓደኛ ፍላሽ ይገለብጣሉ፤ ከእሱ ጋር ቫይረሱንም ይዘው ይሄዳሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ይጠፋል።

ደግሞስ ዩኒቨርሲቲ ወንበር፣ አልጋና ዱቄት በጨረታ ይገዛ የለም ወይ? ፈልጎ የሚመዘገብ ተማሪን ስም ሰብስቦ፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስ ኤስ ዲ ያለው፣ ከ8ኛ ትውልድ ያላነሰ ብሎ በጨረታ ሰነዱ ላይ ጽፎ፣ በብዛት የሚገዛበትን መንገድ ማመቻቸት ለምን አቃተው? ነጋዴውም በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚሸጥ በእውነት መቀነስ ይችላል። ታክሱም ይከፈላል፣ ደረሰኙም ይቆረጣል፣ ዋስትናውም በዩኒቨርሲቲው ስም ይሆናል። የተማሪዎች ኅብረቱ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ እንዲያቀርብ እህቴና ጓደኞቿ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው፤ ኮምቦልቻ ግቢ ያላችሁ ፈርሙላቸው፤ ደሴና ወልዲያ ያላችሁም የራሳችሁን ጀምሩ።

እኛ እስካሁን አልገዛንም፤ የአባታችንን ገንዘብ ለእንደዚያ ያለ ማሽን አልሰጥም። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ ዋጋውን ለጥፎ፣ ትውልዱን ተናግሮ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጥ መደብር የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ። ቅናሽ ባይኖረውም ከእሱ እንገዛለን።