ያልሞተ ዲስክ ቅበሩ እየተባልን ነው

ወገኖቼ፣ በከተማችን በባሕር ዳር አንድ ላፕቶፕ ዊንዶውስ አልጫን ባለ ቁጥር «ሀርድ ዲስኩ ሞቷል፤ አዲስ ይግዙ» የሚለው ፍርድ ከምን ምርመራ ተነሥቶ እንደሚሰጥ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ዊንዶውስ 11 ለማስጫን ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ከፔዳም ከፖሊም ላፕቶፑን አንግቦ ጥገና ቤት የሚንከራተተውን ተማሪ ሁላችንም እያየነው ስለሆነ፣ ብሶቱ የእኔ ቤት ብቻ አይመስለኝም።

የእኅቴ ልጅ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ 11ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጡ እንዳለ አልነሣም ሲላት ተጨንቃ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። ሠራተኛው የመጫኛ ፍላሹን ሰክቶ ጀመረና፣ ዊንዶውስ የሚጫንበት ዲስክ ተመርጦ በሚታለፍበት ገጽ ላይ ሲደርስ አንድም ዲስክ አልተዘረዘረም። ምርመራው በዚህ አበቃ። «እኅቴ፣ ዲስኩ ሞቷል፤ ጽሑፉን እርሺው፤ አዲስ ኤስኤስዲ (ዲስክ) ላስገባልሽ» ተባለች።

እኔን ያንገበገበኝ ገጹ ባዶ አለመሆኑ ነው። ዲስክ እንዳልተገኘና የማከማቻ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዲስኩ ጋር የሚግባባበትን ሶፍትዌር) ለመስጠት «ሎድ ድራይቨር» የሚለው መነካት እንዳለበት እዚያው በግልጽ ተጽፏል። ሠራተኛው ይህን አላነበበም፤ ወይም አንብቦ አልፎታል፤ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣውን የላፕቶፑን መሠረታዊ ማስተካከያ) ቢከፍት ኖሮ ደግሞ «ሞተ» የተባለው ዲስክ ከነስሙና ከነመጠኑ ተመዝግቦ ያገኘው ነበር። ባዮስ ላይ መታየት የሙሉ ጤንነት ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ቢያንስ መርዶ ከመንገር በፊት ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ያስገድዳል።

ምክንያቱም የተሰወረ አልነበረም። ከ11ኛው ጀነሬሽን ጀምሮ በርካታ የኢንቴል ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል የማከማቻ መቆጣጠሪያ በርቶባቸው ይመጣሉ፤ ኤስኤስዲው ከዚህ መቆጣጠሪያ ጀርባ ስለሚሆን፣ አርኤስቲ የተባለው የኢንቴል ድራይቨር የሌለው የመጫኛ ፍላሽ ሊያየው አይችልም። ፋብሪካው የጫነው ዊንዶውስ ድራይቨሩን ይዞ ስለሚመጣ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው እንደገና ሲያስጭን ብቻ ነው። ዘበኛው አላስገባም ስላለ ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ድንኳን እንደመትከል ያለ ሥራ ነው የተሠራብን።

ላፕቶፑን ተቀብዬ፣ በሌላ ኮምፒውተር ከአምራቹ ድረ ገጽ ድራይቨሩን አወረድሁ። የሚወርደው በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ስለሆነና መጫኛው ጥቅሉን እንዳለ ስለማይቀበል፣ መጀመሪያ ተዘርግፎ ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለበት። ቪኤምዲን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ዲስኩ ላይ ያለው የቀድሞ ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ ላይነሣ ስለሚችል፣ ፋይል ማትረፍ የሚፈልግ ሰው በዚያ ባይጀምር ይሻለዋል። ድራይቨሩን ስሰጠው ዲስኩ ከነክፍልፋዮቹ ወጣ። እዚያው ገጽ ላይ ሺፍትን ከኤፍ10 ጋር ስትጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል፤ ከእርሱ ኖትፓድን አስነሥታችሁ «ኦፕን» ስትሉ በሚመጣው መስኮት ፋይል ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ዲስኩ ስላልተመሰጠረ፣ «እርሺው» የተባለው ጽሑፍ በዚህ መንገድ ወደ ፍላሽ ተገለበጠ።

ከዚያ በኋላ መጫኑን ጀመርሁና መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ የደከመ ስለነበር ፋይል እየገለበጠ ሳለ ድርግም አለና ሥራው ከአንድ ተጀመረ። ውኃውን ከዚሁ ከጣና ሐይቅ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ የጣና በለስ ጣቢያ ባለበት አካባቢ እየኖርሁ ፍላሽ ይዤ በጨለማ መቀመጤን ለጊዜው ልለፈው። መብራት ተመልሶ ተጭኖ ሲያልቅ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ኢንተርኔት ካላገኘሁ አላልፍም አለ፤ የዋይፋዩ ድራይቨር ደግሞ ገና የለም። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ፣ ማሻሻያዎቹ ጥቅሌን እየበሉ፣ ተጠናቀቀ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ የሙያው ሀሁ ነው። በየቀኑ ዊንዶውስ የሚጭን ሰው አርኤስቲ ድራይቨርን በኪሱ ፍላሽ ይዞ መዞር ነበረበት። ስንቱ ተማሪ ይሆን ደህና ዲስኩን አስወልቆ፣ የአራት ዓመት ፋይሉን እዚያው ትቶ፣ አዲስ ገዝቶ የሄደው? የተወለቀው ዲስክስ በኋላ ለማን ተሸጠ? በነገራችን ላይ አዲሱ ኤስኤስዲም ከዚያው መቆጣጠሪያ ጀርባ ስለሚገባ፣ ቪኤምዲ እንደበራ ያለ ድራይቨሩ እርሱም አይታይም ነበር፤ ያን ጊዜ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ሊባል ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ ላፕቶፑን ስታስመልስ «የምርመራ» ተብሎ ገንዘብ ተቀብለዋታል። ምን እንደተመረመረ ከደረሰኙ ላይ ላነብ ፈልጌ ነበር፤ ደረሰኝ አልተሰጣትም።