ለደም ባንክ መጠይቅ መዋሸት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ደም መለገስ ለምደናል፤ ደግ አደረግን። እየለገሱ መዋሸት ግን ነውር ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም አይተነዋል። የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወረቀቱን በሌላው ጀርባ ላይ አስደግፎ ይሞላል። የወፍ በሽታ ይዞህ ያውቃል? ዋግምት ታግመሃል? ተነቅሰሃል? ጥርስህን የት አስነቀልክ? ጥያቄው ሳይነበብ «አይደለም» ከሚለው ረድፍ ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክት ይደረጋል። አለቃው ከአጠገቡ ቆሞ እያየው ማን «አዎ» ይላል? ከዚያ ፎቶ ይነሳል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

«ግድ የለም፣ እነሱ ይመረምሩታል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ጉበት ለሚያጠቁት ቫይረሶች ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ነገር ግን ቫይረሱ ሰውነት ከገባ በኋላ ምርመራው የማያየው ጊዜ አለ። ሄፓታይተስ ሲ በተለመደው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን በሚፈልገው) እስኪታይ ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ባለፈው ወር በሰው ምላጭ የተበጣ ሰው ዛሬ ቢለግስ ላቦራቶሪው ንጹሕ ነው ሊል ይችላል፤ ከረጢቱም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። መጠይቁ የተዘጋጀው ለዚህ ነው።

ታላሴሚያ የሚባለውን በዘር የሚወረስ የደም ሕመም አስቡ። እኛ ዘንድ እምብዛም ስሙ አይነሳም፤ በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ እስያ ግን ብዙ ቤት ያውቀዋል። ጽኑው ዓይነት የያዘው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በየሁለት እስከ አምስት ሳምንቱ ደም ይወስዳል። በየሦስት ሳምንቱ ቢወስድ፣ በዓመት 17 ጊዜ፣ በአሥር ዓመት ከ170 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ከእነዚያ ሁሉ ለጋሾች አንዱ ከዋሸ ይበቃዋል። ሄፓታይተስ ሲ እ.ኤ.አ. በ1989 ተለይቶ ምርመራ እስኪገኝለት ድረስ ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ ለመዳን በወሰዱት ደም ተይዘዋል። በተደጋጋሚ ከሚወስዱት ደም የሚከማችባቸው ብረት ቀድሞውኑ ጉበታቸውን ይጎዳል፤ ቫይረሱ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፈጥናል።

የእኛዎቹስ? በደም ካንሰር የተያዘው ሕፃን፣ ስትወልድ ደም የፈሰሳት እናት፣ ደሙ አልረጋ የሚለው ልጅ፣ ሁሉም የሚጠብቁት ያንኑ ከረጢት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እዚህ ላይ ግን የሚደብቀው አንዱ፣ መድኃኒት የሚያጣው ሌላው ነው።

ደግሞ ያ የሌሊት ወፍ ነገር! ዓይናችን ቢጫ ሲሆን «ወፏ ሸንታብኝ ነው» ብለን ቅጠል እንጠጣለን፤ ቢጫው ሲለቅ ድነናል። ቢጫው መልቀቁ ቫይረሱ መውጣቱን አያሳይም። ቢና ሲ ምንም ሳይሰማን ለዓመታት በደማችን ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የወፍ በሽታ ይዟችሁ ከነበረ ሳታፍሩ ተናገሩ።

ዘመድ ሲተኛ «ደም ስጥ» እያላችሁ ወንድማችሁን አታስጨንቁት። አልችልም ካለ ምክንያቱን በሰው ፊት አትጠይቁት። ከፍላችሁ ሰው የምታመጡትማ ምን ልበላችሁ! ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው እውነቱን ጽፎ ገንዘቡን ይጣ? ራሱን ለማስመርመር ብሎ የሚለግስም አለ፤ ጤና ጣቢያው ለምን ተከፈተ?

ለግሳችሁም ከሆነ ውጤታችሁን ሄዳችሁ ውሰዱ። ሲደወልላችሁ ስልክ አትዝጉ። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በሚዋጥ ኪኒን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ፣ የሚድን ሕመም ነው። ቢ ፈጽሞ ባይጠፋም በመድኃኒት ይያዛል፤ ክትባትም አለው። ይሁንና ክትባቱ በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ቢ ተገኝቶባችሁ ከሆነ የትዳር ጓደኛችሁን ዛሬውኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ ትመርመር፣ ይመርመር፣ ነጻ ከሆኑም ይከተቡ።