እስክስታ ትከሻ ይፈልጋል
አዲስ የመድረክ ሥራ በመጣ ቁጥር መሪ ተወዛዋዥ የሚመረጥበት መንገድ አንገሽግሾኛል። እዚህ ባሕር ዳር ያለን ተወዛዋዦች ፉክክር አንጠላም፤ የምንጠላው ውጤቱ ከፈተናው በፊት መታወቁን ነው። ላባችን እስኪንጠፈጠፍ እንለማመዳለን፤ ከዚያ ፊቷ ለካሜራ የሚመች፣ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያላት ልጅ መሀል ትቆማለች። በእሷ አልፈርድም፤ የምፈርደው በመራጮቹ ነው።

የጎጃም እስክስታ እኮ ትከሻ ይፈልጋል! ማሲንቆው ሲፈጥን፣ ከበሮው ሲከተል፣ ትከሻና አንገት አብረው መናገር አለባቸው። ከቢቸና የመጣች ባልደረባ አለችኝ፤ ሠርግ ላይ እየጨፈረች ያደገች፣ እስክስታ ስትወርድ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት የማይችል። ሁሌም ከኋላ ረድፍ ናት። ለምን ስንል "ቁመቷ አጠረ" ይሉናል። እስክስታ በቁመት ይለካል እንዴ?

ትልልቅ የባሌት ቡድኖች እንኳ፣ ያ ሁሉ ስለ ቁመና የሚጨነቅ ጥበብ ይዘው፣ ለአንድ መሪ ሚና ከአንድ በላይ ሰው አዘጋጅተው ያፈራርቃሉ። አንዷ ብትጎዳ ሌላዋ ትገባለች፤ ከኋላ ረድፍ የጀመረችም በደረጃ ወደፊት ትመጣለች። እኛ ጋ ተተኪ የሚባል የለም። የመሪዋ ቁርጭምጭሚት የዞረ ለት ልምምዱ ሁሉ ይቆማል። ያቺ የቢቸና ልጅ ግን ሚናውን ከእነ እንቅስቃሴው በቃሏ ታውቀዋለች!

ፈተናው በግልጽ ይሁን። ማሲንቆ መቺው ይቀመጥ፣ ሁላችንም በተራ እንውጣ፣ ማን ለምን እንደተመረጠም ፊት ለፊት ይነገረን።